የእናቴ ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ የመሬት መንቀጥቀጡ ይሆን?

ጠያቂ (የባሶናዋ)፦ ሰላም ወገኖች። የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው፤ በጭቃ የተካበ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ ክዳን። የካቲት 7 ቀን 2017 ሌሊት ረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎች ሲንቀጫቀጩ አብሬያት ነበርኩ። ሰሞኑን ከበሩ ጉበን ጥግ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ስንጥቅ አየሁ። እሷ «የኛ ደጋ አይነቃነቅም፣ አርፈሽ ተኚ» ትለኛለች። ልመናት?

የካራቆሬ ልጅ፦ እማማ አይቆጡኝና፣ እኛ ቆላ ያለነው እንደዚያ አንልም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት የኛው የሰሜን ሸዋው ካራቆሬ በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተመታ፣ ጎረቤታችን ማጀቴ ፈረሰች። የትልቁ መንቀጥቀጥ መጠን ከ6 በላይ ነበር። አያቴ ሜዳ ላይ ማደራቸውን ሲያወሩ ነው ያደግኩት።

ጂኦሎጂ የተማረ፦ እናትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ስምጥ ሸለቆው የሚሰነጠቀው ከታች ቆላው ላይ ነው፤ ደጋው ላይ የሚነሳው መንቀጥቀጥ ያንሳል። ግን ደብረ ብርሃን ከሸለቆው አፋፍ ብዙ አትርቅም። የዚያን ሌሊቱ 6.0 የተነሳው አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባም ተሰምቷል። የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀን ቆርጦ የሚነግርሽ ሰው ካለ አትስሚው።

ግንበኛው፦ እህቴ፣ ቶሎ በመንቀጥቀጥ አታሳብቢ። መሬቱ መረሬ (ጥቁሩ አፈር) ነው? መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። መለያው ቀላል ነው። ስንጥቁ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ጀሶ ለጥፊ፣ ቀኑን ጻፊበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው። ስንጥቁ ጣት ካስገባ ወይም ግድግዳው ወደ ውጭ ካበጠ ግን ጀሶ አትጠብቂ፣ እዚያ ክፍል ማንም አይደር።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በጭቃ የተካበ ድንጋይ ሲወዛወዝ ጥግ ጥጉ ይላቀቃል፣ ውጩና ውስጡ ለየብቻ ይናዳል። ጥጉ ላይ ረጃጅም ማሰሪያ ድንጋይ አለው? ከላይስ ዙሪያውን የሚያስር ወጋግራ ወይም ቢም? ከሌለው እሱን አስቢበት። ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን ዓይን ማታለል ነው።

የደብረ ሲናዋ፦ ገደል ሥር ላላችሁ፣ ዝናብ የጠገበ ተዳፋት ሲነቃነቅ ይንሸራተታል። እኛ ዘንድ ሳይነቃነቅም ተንሸራቶ ያውቃል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ። አዎ፣ መረሬ ነው። ጥጉ ላይ ማሰሪያ ድንጋይ አለ፣ ከላይ ግን ምንም የለም። ጀሶውን ዛሬ ለጠፍኩ። እናቴ «ግድግዳዬን አዥጎረጎርሽው» ብላ ተቆጣች፤ ራስጌዋ ያለውን ቁም ሳጥን ግን ራሷ ገፍታ አነሳችው።