ለትልቅ ህትመት የሚሆን ጥቁርና ነጭ ፊልም

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለ 35 ሚሊሜትር አሮጌ ካሜራ እጄ ገብቷል። እማዬ እኔ ጋ መጥታለች፤ ነጠላዋን ለብሳ ላነሳትና በትልቁ ላሳትም አስቤያለሁ። በ400 ፊልም ሞከርኩት፤ ፊቷ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ጥፋቱ የፊልሙ ነው የኬሚካሉ?

መልስ፦
እንኳን ደህና መጡልሽ። በመጀመሪያ የፊልሙ ነው። ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃን የሚይዝበት ፍጥነት ነው፤ 400ዎቹ ብርሃን ቶሎ የሚይዙት ምስሉን የሚሠሩት የብር ቅንጣቶቻቸው ትልልቅ ስለሆኑ ነው። ወደ 100 ውረጂ። ኮዳክ ቲማክስ 100 እና ኢልፎርድ ዴልታ 100 ቅንጣታቸው ጠፍጣፋ ነው፤ 20 በ25 ሳንቲሜትር ህትመት ላይ ጤፉ በቀላሉ አይታይሽም። የኢልፎርዱ ኤፍፒ4 ፊልም ላይ ትንሽ ይታያል፤ ግን ብርሃን ስትለኪ ብትሳሳቺም ይችላል፤ ለጀማሪ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ፓን ኤፍ 50ም ግሩም ነው። ብቻ አንስተሽ መሳቢያ ውስጥ አትርሺው፤ ኢልፎርድ ራሱ በ3 ወር ውስጥ ይታጠብ ይላል።

ለማጠቢያ ዲ-76 የተባለው ኬሚካል ይበቃሻል። በሊትር 100 ግራም ሰልፋይት የሚባል ጨው አለው፤ ይሄ የቅንጣቱን ጠርዝ እያሟሟ ያለሰልሰዋል። ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ከቀየጥሽው ምስሉ ጥርት ይላል፤ ጤፉም ትንሽ ብቅ ይላል። ከዚህም የለሰለሰ ካማረሽ ፐርሴፕቶል የሚባል ማጠቢያ አለልሽ። የፊልሙን ፍጥነት ግን ይበላል፤ ዴልታ 100ን ካሜራው ላይ 50 ብለሽ ነው የምታነሺው። ሮዲናል የሚባለውን ማጠቢያ የሚያወድስልሽ አይጠፋም። ከ1891 ጀምሮ ያለ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ለእናትሽ ፊት ግን አይሆንም፤ ቅንጣቱን ያጎላዋል።

ይልቅ ነጠላው ነው የሚያስቸግርሽ። ካሜራው ነጩን ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ፊታቸው ጠቁሮ ይቀራል። ጠጋ ብለሽ ፊታቸውን ብቻ ለኪ፤ ከዚያ ግማሽ ስቶፕ ያህል ቀንሺ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። ብርሃን በዛ ብሎ ከገባም ቅንጣቱ ይብሳል፤ የጥበቡም ክር ነጭ በነጭ ሆኖ ይጠፋል።

ሌላ መልስ፦
ቤት ውስጥ ማጠብ ካልተመቸሽ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ግዢ። የቀለም ፊልም በሚታጠብበት በሲ-41 ኬሚካል ስለሚታጠብ የቀለም ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት ሁሉ ይሠራልሻል። ብርሃን ሲበዛበት የሱ ጠባይ ደግሞ ከሌሎቹ ተቃራኒ ነው፤ 400 ቢሆንም 200 ብለሽ ብታነሺበት ይለሰልሳል። አገር ቤት ይዘሽው ከሄድሽ፣ የአየር ማረፊያ አዲሶቹ የሲቲ (የኤክስሬይ) መፈተሻዎች ፊልም ያበላሻሉና በእጅ ይፈተሽልኝ በያቸው። የሚጫን ሻንጣ ውስጥማ በፍጹም።