ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ሲፓፑን ማቆም እችላለሁ?

ጠያቂ፦ እናት ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ዕድሜዬ 47። ባለፈው መስከረም ጨጓራዬን በኦፕራሲዮን አስቀነስኩ፤ ስሊቭ የሚሉትን። ያኔ 121 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 96 ገብቻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረጃ ስወጣ ማለክለኩ ቀርቷል፤ የስኳር መድኃኒቴንም ቀነሱልኝ።

ችግሬ ሲፓፑ ነው፤ ሌሊት በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው ማሽን። ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቋረጥ ሕመም ስላለብኝ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጀምሮ በማሽን ነው የምተኛው። ግፊቱ ያኔ 12 ላይ ተደረገ፣ እስካሁንም እዚያው ነው። ሰሞኑን ግን አላስተኛ አለኝ። ፊቴ ስለከሳ ማስኩ ሰፋኝ። አየሩ በአፍንጫዬ ጎን እያፏጨ ይወጣና ቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት ዓይኔ ደም መስሎ እነሳለሁ። ማሰሪያውን ሳጠብቀው ደግሞ የአፍንጫዬን ቆዳ ላጠው። ከሁሉ የባሰው ሆዴ ነው። አየር እየዋጥኩ ነው መሰለኝ ሌሊቱን ይነፋኛል። ስፌቱ ይለቅ ይሆን ብዬም እሰጋለሁ።

ባለቤቴ «አሁን እኮ ማንኮራፋት ትተሻል፣ ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። የማሽኑ ስክሪንም ጠዋት ጠዋት 2 ያሳየኛል፤ መጀመሪያ ስመረመር 38 ነበር። ታዲያ ይሄ ድኛለሁ ማለት አይደለም? ለገና እናቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ስለምሄድ፣ ማሽኑን ልተወው ወይስ ልሸከመው?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ይሄንን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። እባክሽ በራስሽ አታቁሚ።

ከስክሪኑ ልጀምር። ያ 2 ማሽኑ አፍሽ ላይ እያለ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽሽ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ነው የሚነግርሽ። ያለ ማሽን ስትተኚ ስንት እንደሚሆን አያውቅም። 38ቱ ግን ያለ ማሽን የተለካ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር አይቻልም። ከ5 በታች ጤነኛ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። አንቺ ከከባዱ ነው የተነሳሽው።

ማንኮራፋትም ማስረጃ አይሆንም። ሳያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው አለ። ስትከሺ ምላስና ጉሮሮ አካባቢ ያለው ስብ ይቀንሳል፣ መተላለፊያውም ይሰፋል። የመንጋጋ አጥንት አቀማመጥ ግን በክብደት አይለወጥም። ለዚህ ነው ብዙ ኪሎ ጥለው አፕኒያው ግማሽ በግማሽ ብቻ የሚቀንስላቸው ሰዎች የሚያጋጥሙን።

የምትነግሪን ምልክት ሁሉ ግን ወደ አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ግፊቱ በዝቶብሻል። 12 ለ121 ኪሎዋ ሴትዮ የተለካ ነው። አሁን ጉሮሮሽን ክፍት ለማድረግ ያን ያህል አያስፈልግም፣ ትርፉ አየር ወደ ሆድ ይወርዳል። ሐኪምሽ ጋ ደውለሽ «ክብደቴ 25 ኪሎ ቀንሷል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ማስኩም ያፈሳል» በያቸው። ማሽንሽ የሚችል ከሆነ በአውቶ ያደርጉልሻል፤ በተሰጠው ክልል ውስጥ እንደ ትንፋሽሽ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ከርቀት ነው የሚያስተካክሉት፣ መሄድም አያስፈልግሽም።

ስለ ስፌቱ፦ ሲፓፕ የጨጓራ ስፌት ይከፍታል የሚለው ስጋት ተጠንቶ ማስረጃ አልተገኘለትም። እንዲያውም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ወዲያው እንዲጠቀሙ ነው የሚመከረው፣ ምክንያቱም የማደንዘዣና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት አፕኒያን ያባብሳል። ነገር ግን ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የልብ ምት መፍጠን ካለሽ ሳታመነቺ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ድጋሚ ምርመራውን ክብደትሽ ሲረጋ አድርጊ። አሁን ገና እየቀነስሽ ነው።

መልስ፦ የዳላሱ ሾፌር

እቴ፣ እኔ ባይፓስ የሚሉትን የጨጓራ ኦፕራሲዮን ነው የተሠራሁት። ጭነት መኪና ነው የምነዳው፤ ከማሽኑ በፊት መሪ ላይ ዓይኔ ይከደን ነበር። 44 ኪሎ ከጣልኩ በኋላ በቃ ድኛለሁ ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። ቤት ይዤው በምተኛው ትንሽ መሣሪያ ስመረመር ከ41 ወደ 13 ወርዷል። ደስ ይላል፣ ግን 13ም አፕኒያ ነው። ግፊቱን ቀነሱልኝና እስከ ዛሬ እተኛበታለሁ።

የማስኩን ነገር ልንገርሽ። ማሰሪያ መጎተቱን ተዪው፣ ትርፉ ቁስል ነው። ፊት ሲከሳ የማስኩ መጠንም መለወጥ አለበት። እኔ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ ወደሚያርፈው ዓይነት ቀየርኩ። ዓይን ውስጥ የሚገባው አየር ያኔውኑ ቀረ። አፍሽን ከፍተሽ የምትተኚ ከሆነ ግን እሱ አይሆንሽም፣ ጠይቂያቸው። ብዙ ኢንሹራንስ በየ3 ወሩ አዲስ ማስክ ይሸፍናል፤ ሰው አይጠይቅም እንጂ።

መልስ፦ ከሰሚት

አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ እኔም በሲፓፕ ነው የምተኛው። እህቴ፣ ይዘሽው ነይ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። ከፍታ ላይ የሌሊት ትንፋሽ ይበልጥ ስለሚዘበራረቅ ማሽን የሚተውበት ቦታ አይደለም። አዳዲሶቹ ማሽኖች ከፍታውን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ የአንቺን መመሪያውን ተመልከቺ።

መብራት እዚህ 220 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ጽሑፍ ካለ ሁለት ክብ እግር ያለው መሰኪያ ብቻ ያዢ። መብራት ስለሚጠፋ ለማሽኑ የተሠራ ባትሪ ብታገኚ እሰየው፤ ከመግዛትሽ በፊት አየር መንገዱ ስንት ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንደሚፈቅድ ጠይቂ። እርጥበት ሰጪው፣ ማለትም አየሩን የሚያረጥበው የማሽኑ የውሃ ዕቃ ውስጥ ግን የጋራዥ የባትሪ ውሃ እንዳትጨምሪ። የተጣራ ውሃ ካጣሽ እርጥበት ሰጪውን ነቅለሽ ማሽኑን ብቻውን ተጠቀሚ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ደወልኩላቸው። ከ6 እስከ 11 በአውቶ አደረጉልኝ፣ በስልክ ነው የጨረሱት። ሆዴ ገና ከመጀመሪያው ሌሊት ቀለለው። ለማስኩ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ ምርመራው ለፋሲካ ሰሞን ተያዘልኝ።

ባለቤቴም የስክሪኑን ነገር ሳስረዳው «እንግዲያማ ሻንጣሽን እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ማሽኑን ያዢ» አለኝ። አውሮፕላን ላይ እንደ ሕክምና ዕቃ ስለሚታይ ከእጅ ሻንጣ አይቆጠርም ብለውኛል። ከመጫኔ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ መድፋት እንዳለብኝም ነገሩኝ። ይሄን የማታውቁ ካላችሁ ያዙት፣ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ከገባ ማሽኑ ይበላሻል።