ለሳሎን የመስከረም ቀለም አምሮኛል፣ የቀባችሁ ምከሩኝ

አደይ_ባሕርዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ከጣና ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው ቤታችን፣ ዝናቡ ሲያባራ ልናስቀባው አስበናል። ኢንተርኔት ላይ ፈረንጆቹ የመጸው ቀለም የሚሉትን እያየሁ ልቤ ጠፍቷል፦ የደረቀ ቅጠል፣ ዱባ፣ ሰናፍጭ፣ የጡብ ቀይ። ባለቤቴ ደግሞ "ክሬም ቀብተን እንገላገል" ባይ ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ነው። አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ወደ ሰሜን። ማታ ነጭ አምፖል ነው የምናበራው፣ ሶፋው ቡናማ ነው። አራቱንም ግድግዳ ሰናፍጭ ብቀባው ቤቱ ይሞቃል ወይስ ይጨልማል? በናታችሁ የሞከረ ይንገረኝ።

ብሩሽና_ሮለር
እህቴ፣ እንጀራዬ ቀለም ነውና ልንገርሽ። መጀመሪያ የመስኮቱን ነገር አስቢ። እዚህ ባሕር ዳር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው፣ ያውም ግማሹን ጊዜ ደመና ነው። በቀረው ወር ሳሎንሽ ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም፣ ብርሃኑ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ስለዚህ ሞቅ ያለ ቀለም መምረጥሽ ልክ ነው፣ ግራጫ ብትይኝ ነበር የምጮህብሽ። ግን አራቱንም ሰናፍጭ አታድርጊ። ካርድ ላይ ያየሽው ቀለም ግድግዳ ላይ ሲሰፋ ይበረታል፣ ግድግዳዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚንጸባረቁ። ሶፋው የተጠጋበትን የ5 ሜትሩን ግድግዳ ብቻ ሰናፍጭ ቀቢ፣ ሦስቱን ክሬም። ለአንዱ ግድግዳ ሁለት እጅ ለመቀባት 3 ሊትር ገደማ ይበቃሻል። አራቱንም ካልሽ ግን ወደ 9 ሊትር ይሄዳል።

አምፖሉንም ቀይሪው! ሳጥኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚለው፣ ነጩ ማለት ነው፣ ሰናፍጩን አረንጓዴ ነገር ያስመስልብሻል። 3000 የሚለውን፣ ቢጫ ቢጫ የሚያበራውን ግዢ። ከዚያ በፊት ግን ትልቅ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀብተሽ ግድግዳው ላይ አስደግፊና ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በአምፖል እዪው። ይሄን ሳያደርጉ ቀለሙ ካለቀ በኋላ "ይሄ አይደለም ያልኩህ" የሚሉኝ ደንበኞች አሉ፣ ምን ልበላቸው?

የልጆች_እናት
እኔ ደግሞ የማይገባኝ፣ የሰው አገር ቅጠል ሲረግፍ እኛ ምን አገባን? በእኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። እነሱ ጋ ሲረግፍ እኛ ጋ ያብባል። ቀለም ፍለጋ ስልክ ላይ ከምታፈጪ ወጣ ብለሽ ተመልከች። ኅዳር ላይ ፎገራ ሜዳ ሩዙ ሲደርስ፣ ዘጌ ቡናው ሲቀላ፣ ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ሲደርቅ ያለውን ቀለም ልብ ብለሽ እዪው። የደረቀ ደንገልን የመሰለ ለቡናማ ሶፋ የሚሄድ ቀለም እስካሁን አላየሁም።

ግን የአደይ አበባን ቢጫ እንዳለ ግድግዳ ላይ እንዳታመጪው! እኔ ጅሏ የልጆቹን ክፍል አራቱንም በአደይ ቢጫ አስቀባሁት። መስኩ ላይ እንዲያ የሚያምረው ቤት ሲገባ ዓይን ይወጋል። ልጆቹ እዚያ ሲቀመጡ ፊታቸው ቢጫ ሆኖ ጎረቤት "የወፍ በሽታ ያዛቸው እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ። ዓመት ሳይሞላ በክሬም አስደፈንኩት።

ከመሸንቲ
አያቴ ቤቷን በቀይ አፈርና በእበት ነበር የምትለቀልቀው። ይሄ አሁን በካርድ የምትመርጡት የጡብ ቀለም ማለት እኮ ያው ነው። የአፈሩ ቅላት ከብረት ዝገት የሚመጣ ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም። ደማቅ የፋብሪካ ቢጫና ቀይ ግን ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ቶሎ የሚደበዝዝ አለው። ለአንቺ የሰሜን መስኮት ብዙም አያሰጋሽም፣ በረንዳውንም ልትቀቢ ካሰብሽ ግን የአፈር አፈር የሚለውን ምረጪ።

ጣና_ዳር
የቀለሙን ምርጫ ለእናንተ ትቼ ስለ ግድግዳው ልናገር። ዝናቡ እንዳባራ አትቸኩሉ! እኛ አዲስ ልስን በሁለተኛው ሳምንት አስቀባን፤ ቀቢው "ደርቋል፣ ምንም አይልም" አለን፣ አመንነው። ጥቅምት ላይ ያ የሚያምር የጡብ ቀይ ነጭ ነጭ ጨው እያወጣ ተላጠ። ፈቅፍቀን፣ እንደገና ስቱኮ አስደርገን፣ ሁለተኛ ከፈልን። አዲስ ሲሚንቶ ቢያንስ 4 ሳምንት ይፈልጋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። አሮጌ ግድግዳ ቢሆንም አንድ ክንድ የምታህል ላስቲክ ዳር ዳሯን በፕላስተር ለጥፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከስሩ ጤዛ ከያዘ ግድግዳው ገና ነው።

አደይ_ባሕርዳር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላስቲኩን ትናንት ማታ ለጥፌው ነበር፣ ከታች ወደ ዞኮሎው አካባቢ ጤዛ ይዟል። እንግዲህ እስከ ጥቅምት መጠበቅ ነው። አንዱን ግድግዳ ሰናፍጭ፣ ሦስቱን የደንገል ክሬም ልናደርግ ተስማምተናል። ባለቤቴ አሁን ክሬሙ የእኔ ሐሳብ ነው እያለ ይኩራራል። ኮርኒሱንስ ምን ላድርገው?

ብሩሽና_ሮለር
ነጭ። ድርቅ ያለ ነጭ ግን አይደለም፣ ከግድግዳው ክሬም ላይ ትንሽ ጠብ አድርገሽ አደባልቂበት። የግድግዳውን ቀለም ደግሞ በአንዴ ሙሉውን አስመጪና ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጠሽ አንድ ላይ አማስዪው፣ ካነሰሽ በኋላ የምትገዢው ያንኑ አይሆንም።

የልጆች_እናት
ካርቶኑን ቀብተሽ ስትጨርሺ ፎቶ ለጥፊልን አንች፣ ማታ በአምፖል የተነሳውን።