«ለሰሜን ሸዋ ወረዳ ይበቃዋል» ላለው ወንድማችን

(ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በየመጡበት ቦታ ነው፤ ጠራ፣ እነዋሪ፣ መንዝ፣ ምንጃርና ደብረ ብርሃን በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ያሉ ናቸው።)

የጠራው፦ ትናንት አንዱ «ለሰሜን ሸዋ የዞን ምክር ቤት ምን ያደርግለታል? ወረዳ ይበቃዋል» ብሎ ጻፈ። በጣም ነው ያናደደኝ። አዊ ምክር ቤት አለው። ዋግ ኽምራ አለው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም አለው። ለእኛ ግን አስተዳዳሪ ከላይ ይሾምልናል። ለምን?

የእነዋሪው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። እነዚያ የብሔረሰብ ዞኖች ናቸው። የክልሉ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት የሰጣቸው በቋንቋቸውና በማንነታቸው ምክንያት ነው። ምሥራቅ ጎጃም የለውም፣ ደቡብ ወሎ የለውም። ሸዋ ለምን ይለያል?

የመንዙ፦ እነሱም ይሰጣቸዋ! ወረዳ ይበቃል ትላለህ፣ ደመወዝ ከፍሎ ምን ይተርፈዋል? የትኛው ወረዳ መንገድ ይቅደም የሚለው ዞን ላይ ነው የሚያልቀው። እዚያ ደግሞ የመረጥኩት ሰው የለም።

የእነዋሪው፦ የክልል ምክር ቤት ተመራጭህን ጠይቅ።

የመንዙ፦ ባሕር ዳር ድረስ? አዲስ አበባን አቋርጬ?

የምንጃሩ፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ውስጥ ዞኖች ምክር ቤት ነበራቸው። ሲዳማ ክልል ልሁን ብሎ ኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ አደረገ። ሰኔ ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አጽድቆለት ሥልጣን ተረከበ። በ2015 የቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ አበቃ። የእኛም ክልል እንዲያ ቢሆንስ?

የጠራው፦ ሲዳማ የጠየቀው በአንቀጽ 47 ክልል ለመሆን ነው። እኛ ከክልሉ እንውጣ መች አልን? የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል።

የእነዋሪው፦ ዝቅተኛው እርከን እኮ ዞን ሳይሆን ወረዳና ቀበሌ ነው! ራስህ አመጣኸው።

የጠራው፦ «በቂ» የሚለውን ለምን ዘለልከው?

የፊቼው፦ ሰሜን ሸዋ ስትሉ በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ያለነው እኛም አለን። እኛም ዞን ላይ የመረጥነው ምክር ቤት የለንም።

የደብረ ብርሃኗ፦ ምክር ቤቱ እኛ ጋ ይቀመጣል ማለት ነው? ከተማዋ እኮ የራሷ ምክር ቤት አላት።

የመንዙ፦ ማን ደብረ ብርሃን አለ? መሐል ሜዳ ይሁን።

የምንጃሩ፦ ከአረርቲ መሐል ሜዳ? ጭራሽ!

የእነዋሪው፦ ይኸው፣ ሳይቋቋም መቀመጫው አጣላን።

የጠራው፦ አታምልጠኝ። የዞን አስተዳዳሪ ቢበድልህ በድምፅህ ታወርደዋለህ?

የእነዋሪው፦ አላወርደውም። የወረዳውንስ መቼ አውርደን እናውቃለን?

የመንዙ፦ እና ይበቃችኋል የምትለን እሱን ነው?

የምንጃሩ፦ የደቡቡን ጉዳይ ማንም አልመለሰልኝም።