ከ«ኤስ ኤም ኤ» ቀጥሎ ያለው ፊደል ምን ይሆን?

ሰላም ወገኖች። የሮማ ሳንቲም የምታውቁ እስቲ እርዱኝ፤ ሦስት ሌሊት አፍጥጬበት ዓይኔ ሊጠፋ ነው።

ኢየሩሳሌም ካለ ባለፈቃድ የጥንት ዕቃ ሱቅ የገዛሁት ነሐስ ነው። ስፋቱ 17 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 2.4 ግራም። ከጀርባው ሁለት ወታደሮች ጦርና ጋሻ ይዘው ቆመዋል፤ በመሃላቸው ሁለት ዓርማ ተተክሏል። ዙሪያው «ግሎሪያ ኤክሰርሲቱስ» ይላል፣ የሠራዊቱ ክብር ማለት ነው። ዓርማው ሁለት ስለሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ330 እስከ 335 ባለው ጊዜ እንደተመታ ገብቶኛል።

ጉዱ ያለው ከፊቱ ነው። «ኮንስታንቲኑስ» (ቆስጠንጢኖስ) ይነበባል፣ የቀረው ተበልቷል። «ማክስ አውግ» (ታላቁ አውግስጦስ) ቢሆን አባትየው፣ ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ «ዩን ኖብ ሲ» (ታናሹ፣ እጅግ ክቡር ቄሣር) ቢሆን ደግሞ በስሙ የተጠራው ልጁ። አባትየው ባለ አበባ ዘውድ፣ ልጁ የቅጠል ጉንጉን ያደርጋሉ። የኔው ላይ ከጆሮው በላይ አንዲት ክብ ነጥብ ብቻ ቀርታለች። አበባ ትሁን ዝገት እንጃ!

ከወታደሮቹ እግር ሥር ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ የሚያሳየው ምልክት፣ «ኤስ ኤም ኤ» አለ፤ ቀጥሎ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት። «ኤን» ከሆነ አንጾኪያ፣ «ኤል» ከሆነ እስክንድርያ። ሆምጣጤ ውስጥ ልነክረው ስል ባለቤቴ ቀማችኝ፤ ደግ አደረገች፣ ነሐሱን ይበላው ነበር።

ፊደሉ ቢጠፋም በወታደሮቹ አሠራር ሁለቱን ከተሞች መለየት የሚችል አለ?