የሙዚቃ ሸክላ በጋራ ለማስመጣት የቀረበ ረቂቅ፤ የአባላት የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባችን እንደተስማማነው፣ በኢንተርኔት ከውጭ የምንገዛቸውን ሸክላዎች የፖስታና የጉምሩክ ወጪ የሚያቃልል አንድ የጋራ ሐሳብ አዘጋጅተን ለጠቅላላ ጉባኤው ማቅረብ ይኖርብናል። የመጀመሪያውን ረቂቅ እነሆ አቅርቤአለሁ፤ እያንዳንዳችሁ በምትኖሩበት አገር ያለውን አሠራር ከራሳችሁ ደረሰኝ እየጠቀሳችሁ እንድታርሙት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በረቂቁ መሠረት ማኅበሩ በየሦስት ወሩ የአባላትን ትእዛዝ ይሰበስባል፤ ግዢው በተቻለ መጠን ከአንድ ሻጭ በአንድ ጥቅል ይፈጸማል፤ ጥቅሉ ፍራንክፈርት ለሚኖረው አባላችን ይደርሳል፤ እርሱም ለስቶክሆልም፣ ለለንደን፣ በአሜሪካ ላለችው ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአዲስ አበባ አባላት ያከፋፍላል።

የምንሰበስባቸው ሸክላዎች ከመነሻቸውም ድንበር የተሻገሩ ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁም በአገራችን የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ፣ አዲስ አበባ የተቀረጸው ሙዚቃ ውጭ አገር ታትሞ ይመለስ ነበር። ዛሬ እነዚያው ሸክላዎችም ሆኑ ዳግም የታተሙት በየአገሩ ሻጮች እጅ ይገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከግዢው የሚያስቀረን የሸክላው ዋጋ ሳይሆን የመንገዱ ወጪ መሆኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከፍራንክፈርት

ጸሐፊያችን ስለ ረቂቁ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ኃላፊነቱን ለመቀበል ፈቃደኛ ነኝ፤ ነገር ግን ረቂቁ እንዳለ ከጸደቀ ግማሾቻችሁን የሚጎዳ ይመስለኛል። አስቀድሜ አንድ ደረሰኝ ላቅርብ።

ዳግም የታተመ አንድ ባለ 45 ሸክላ፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ፣ ከእንግሊዝ በ20 ዩሮ ገዛሁ። የመላኪያው ዋጋ 18 ዩሮ ነበር። ጀርመን ሲደርስ 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጣለበት፤ ታክሱ የተሰላው በ20 ዩሮው ላይ ብቻ ሳይሆን የፖስታው ተደምሮበት በ38 ዩሮው ላይ ስለሆነ 7 ዩሮ ከ22 ሳንቲም መጣ። አመላላሹ ድርጅት ታክሱን ስለከፈለልኝ በሚል 6 ዩሮ የአገልግሎት ክፍያ አስከፈለኝ። የ20 ዩሮው ሸክላ በ51 ዩሮ ከ22 ሳንቲም ቤቴ ገባ ማለት ነው። በሌላ ጊዜ ከዚያው ሻጭ በተመሳሳይ ዋጋ አምስት ሸክላዎችን በአንድ ጥቅል አስመጣሁ፤ ዕቃው 100፣ ፖስታው 22፣ ታክሱ 23 ዩሮ ከ18፣ የአገልግሎት ክፍያው ያው 6 ዩሮ ሆኖ በድምሩ 151 ዩሮ ከ18 ሳንቲም ወጣብኝ። አንዱ ሸክላ በ30 ዩሮ ገደማ ደረሰ። የጋራ ግዢ የሚያስገኘው ጥቅም ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሁለት ደረሰኞች መካከል ያለው 21 ዩሮ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2021 ድረስ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ከ22 ዩሮ ያልበለጠ ዕቃ ከዚህ ታክስ ነፃ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የአንድ ዩሮ ዕቃም ታክስ ይከፈልበታል። በምትኩ እስከ 150 ዩሮ ለሚያወጣ ዕቃ ሻጩ ወይም የመገበያያው ድረ ገጽ ታክሱን በግዢው ጊዜ ሰብስቦ የሚያስገባበት አይኦኤስኤስ የተባለ ምዝገባ ተፈጥሯል። ሻጩ የተመዘገበ ከሆነና ቁጥሩን በትክክል ካስተላለፈ የአገልግሎት ክፍያው ይቀራል። ስለዚህ ከማናቸውም ትእዛዝ በፊት ሻጩ ይህ ምዝገባ እንዳለው መጠየቅ በረቂቁ ውስጥ ግዴታ ሆኖ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ረቂቁ የሚጎዳችሁ ያልኩትም በሚከተለው ምክንያት ነው። እኔ ዘንድ የደረሰ ጥቅል የጀርመንን ታክስ ከፍሎ የገባ ስለሆነ ወደ ስቶክሆልም ሲሄድ ዳግመኛ አይከፈልበትም። ለንደን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አዲስ አበባ ግን ከኅብረቱ ውጭ ስለሆኑ እዚህ ታክስ የተከፈለበት ሸክላ እዚያ እንደገና በጉምሩክ ያልፋል። ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድማችን ከፍራንክፈርት ያሳየን ነገር የረቂቁን መሠረት የሚለውጥ ነው፤ አከፋፈሉ ከአንድ ቦታ ሳይሆን በጉምሩክ ድንበር እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ሸክላ ከሻጩ እስከ አድማጩ ድረስ አንድ ድንበር ብቻ ይሻገር።

በእኛ በኩል ያለው ሁኔታ በቅርቡ ተለውጧል። ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ይህ ነፃ መብት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ታገደ። በዚያው ሰሞን በርካታ የአውሮፓ ፖስታ ቤቶች ወደ አሜሪካ ጥቅል መቀበል አቁመው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ይሁን እንጂ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ነፃ መብቱ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ መሠረት ነበር፤ ይህ ሕግ ግን ቀደም ሲል ሲሻሻል፣ ከመጽሐፍ፣ ከፊልምና ከፎቶግራፍ ጋር የሙዚቃ ሸክላን በስም ጠቅሶ ከዚያ ሥልጣን ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ሻጩ በጥቅሉ መግለጫ ላይ «ስብስብ ዕቃ» ወይም «ልዩ ልዩ» ብሎ እንዳይጽፍ፣ ይልቁንም የሙዚቃ ሸክላ መሆኑን በግልጽ እንዲያሰፍርና በጉምሩክ የዕቃውን ዓይነት የሚለየውን የታሪፍ ቁጥር 8523.80 ብሎ እንዲያስገባ አጥብቀን መጠየቅ አለብን። አንድ ሻጭ «ጥንታዊ ዕቃ» ብሎ ልኮልኝ ጥቅሉ ለሁለት ሳምንት ታስሮብኛል፤ በታሪፉ ጥንታዊ የሚባለው ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ የእኛዎቹ ገና ስድሳ ዓመት አልሞላቸውም።

በአገር ውስጥ ማከፋፈሉ ቀላል ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለመጻሕፍትና ለድምፅ ቅጂዎች ሚዲያ ሜይል የሚባል ዋጋው በርቀት ሳይሆን በክብደት ብቻ የሚተመን አገልግሎት ስላለው፣ ከእኔ ወደ ዳላስም ሆነ ወደ ሲያትል የሚሄድ ሸክላ አንድ ዋጋ ይከፈልበታል። ይዘገያል፣ ለምርመራም ሊከፈት ይችላል፤ ስለዚህ ከሸክላው ሌላ ዕቃ አንጨምርበት።

ከለንደን

በድንበር መከፋፈሉን እደግፋለሁ። በእኛ አገር ታክሱ 20 በመቶ ሲሆን እስከ 135 ፓውንድ ለሚያወጣ ዕቃ በግዢው ጊዜ የሚከፈልበት አሠራር አለ። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ ላንሳ፤ ብዙ ሻጮች ከጠየቅናቸው «ስጦታ» ብለው፣ ዋጋውንም ዝቅ አድርገው ይልካሉ። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ማኅበሩ ቢያንስ ባይከለክለው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ገንዘብ ያዡ

የለንደኑ ወንድሜ ሐሳብዎን በግልጽ ማቅረብዎን አከብራለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ልስማማ አልችልም። በእንግሊዝ እስከ 39 ፓውንድ፣ በአውሮፓ ኅብረት እስከ 45 ዩሮ ድረስ ነፃ የሚሆነው ስጦታ ግለሰብ ለግለሰብ ያለ ክፍያ የሚልከው ነው፤ ገንዘብ ከፍለን ያዘዝነው ሸክላ ስጦታ ሊሆን አይችልም። የግል ጥፋት ሲሆን የአንድ ሰው ጥፋት ነው፤ በማኅበሩ ስም ሲፈጸም ግን ጥቅሉን የሚቀበለው አባላችን በፊርማው ይጠየቅበታል። ፍራንክፈርት ያለው ወንድማችን በፈቃደኝነት ባገለገለን በሐሰት መግለጫ ሊጠየቅ አይገባውም።

ሌላም ጉዳት አለው። የ90 ፓውንድ ሸክላ በ10 ፓውንድ ተመዝግቦ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ካሣ የሚጠየቀው በ10 ፓውንዱ ነው። በተጨማሪም ማኅበሩ ከዚህ ሥራ ምንም ትርፍ እንዳያገኝ፣ ከአባላት የሚሰበሰበው ገንዘብ ደረሰኙ ላይ ካለው ወጪ በሳንቲም እንኳ እንዳይበልጥና የእያንዳንዱ ጥቅል ሒሳብ ለሁሉም እንዲላክ እጠይቃለሁ፤ ያለዚያ ሥራው ንግድ ይመስላል፣ የንግድም ግዴታ ያስከትላል።

ከለንደን

ካሣውን አላሰብኩትም ነበር። ሐሳቤን አንሥቻለሁ፤ እውነተኛው ዋጋ እንዲጻፍ በረቂቁ ይግባ።

ከስቶክሆልም

ስለ ክብደትና ስለ አስተሻሸግ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣው። በዓለም አቀፍ ፖስታ ትንሽ ጥቅል የሚባለው እስከ 2 ኪሎ ድረስ ያለው ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዋጋው ወደ ሌላ እርከን ይሸጋገራል። እኔ በኩሽና ሚዛን እየመዘንሁ መዝግቤአለሁ፦ አንድ ባለ 45 ከነወረቀቱ 50 ግራም አካባቢ፣ አንድ ትልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ከ230 እስከ 280 ግራም፣ ጥሩ ካርቶን ከነደጋፊው 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አምስት ትላልቅ ሸክላዎች በ2 ኪሎ ውስጥ ያለ ጭንቀት ይገባሉ፤ ስድስተኛው እንደ ሽፋኑ ውፍረት ነው። ባለ 45ቶቹ ከሠላሳ በታች ቢሆኑ ይመረጣል። ነገር ግን በአውሮፓ አይኦኤስኤስ የ150 ዩሮውም ጣሪያ ስላለ፣ ውድ ሸክላ ሲሆን ገንዘቡ ከክብደቱ ቀድሞ ይሞላል። ትእዛዝ የሚሰበስበው ሰው ሁለቱንም እያየ ማሰብ አለበት፤ የ150 ዩሮው ጣሪያ የሚቆጠረው ፖስታው ተለይቶ ሲጻፍ በዕቃው ዋጋ ብቻ እንደሆነም ይታወቅ።

አስተሻሸጉን በተመለከተ፣ ባለፈው ክረምት የደረሰኝ ትልቅ ሸክላ ካርቶኑ አንድም ጭረት ሳይኖርበት፣ የሽፋኑ የላይኛው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር በቢላዋ እንደተቀደደ ተተርትሮ አገኘሁት። ምክንያቱ ሸክላው በሽፋኑ ውስጥ እንዳለ መላኩ ነው፤ ካርቶኑ ወድቆ በጠርዙ ሲያርፍ ሸክላው በራሱ ክብደት ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። ሻጩ ሸክላውን ከነውስጥ ወረቀቱ አውጥቶ ከሽፋኑ ጀርባ እንዲያስቀምጥ፣ ከሁለቱም ወገን ጠንካራ ካርቶን እንዲደግፍና ማዕዘኖቹን እንዲያለብስ በትእዛዙ መልእክት ላይ ይጻፍለት። ይህ ወጪ አይጨምርም፤ የተቀደደውን ሽፋን ግን ማንም አይመልስልኝም።

በመጨረሻም እውነቱን ለመናገር፣ ከፍራንክፈርት እኔ ዘንድ ለመድረስ እንደገና ፖስታ ስለሚከፈል የእኔ ቁጠባ ከ21 ዩሮው በታች ነው። ለአንድ ሸክላ ብቻ ከሆነ ላያዋጣኝ ይችላል፤ ለሦስትና ለአራት ግን ያዋጣል።

ከአዲስ አበባ

ሁላችሁንም እያመሰገንሁ፣ እዚህ ያለነው አባላት ጉዳያችን ከእናንተ የተለየ መሆኑን እንድትረዱልን እለምናለሁ። በመጀመሪያ በውጭ ምንዛሪ መክፈሉ ራሱ ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ነው። ዕቃው ሲደርስ ደግሞ ከጉምሩክ ቀረጡና ከማኅበራዊ ዋስትና ክፍያው ሌላ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ፤ ሱር ታክሱም ከፊቱ ያሉት ሁሉ ከተደመሩ በኋላ ይሰላል። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብንወስድ 100 ብር የነበረው 115 ይሆናል፤ በ115ቱ ላይ ሌላ 11 ብር ከ50 ይጨመርና 126 ብር ከ50 ይደርሳል።

ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንጠብቀው መንገደኛ ነው። ይህንን በረቂቁ ውስጥ በሥርዓት ማስገባት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ አደራ ማስያዝ ያለ ሥርዓት ሲሆን ሰውን ያስቸግራል፣ ሸክላውንም ያበላሻል። አንዲት እኅታችን በበጎነት አሥራ ሁለት ባለ 45 ይዛልን መጥታ፣ ሻንጣው በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ግማሽ ቀን ዋለ። ስናወጣቸው አራቱ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተቆልምመው ነበር፤ መርፌው ሲሰቀልና ሲወርድ ዘፈኑ ይንገዳገዳል። እርሷ በዚህ በጣም አዝና፣ እኛም ላለማሳዘን የሸክላዎቹን ነገር ሳናነሣ ቀረን። መንገደኛ የሚይዘው በፈቃዱ፣ ከአሥር ያልበለጠ፣ በእጅ ሻንጣ፣ ከነደረሰኙ እንዲሆንና ጉምሩክ ሲጠይቅ ያለውን በግልጽ እንዲያሳይ፣ የሚጠየቅ ቀረጥ ቢኖርም ባለ ሸክላው እንጂ መንገደኛው እንዳይከፍል እንወስን።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ባነሣችኋቸው ነጥቦች መሠረት ረቂቁን አሻሽዬዋለሁ፤ ለጉባኤው የሚቀርበውም የሚከተለው ይሆናል።

ማኅበሩ አንድ የመቀበያ ቦታ በመያዝ ፈንታ ትእዛዞቹን በጉምሩክ ክልል ይለያል፤ ፍራንክፈርት ለአውሮፓ ኅብረት፣ ለንደን ለእንግሊዝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለአሜሪካ ያገለግላሉ፤ የአዲስ አበባ አባላት ትእዛዝ ፈቃደኛ መንገደኛ ከሚገኝበት ክልል ዝርዝር ጋር ይያያዛል። ሻጭ ከመመረጡ በፊት ታክሱን በግዢው ጊዜ ሰብስቦ ማስገባት መቻሉ ይጠየቃል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የዕቃው ምንነት፣ የታሪፍ ቁጥሩና የተከፈለው እውነተኛ ዋጋ ይሰፍራል፤ «ስጦታ» የሚል መግለጫ በማኅበሩ ስም አይላክም፣ ሻጩ በራሱ ፈቃድ ቢጽፈውም እንዲያርም ይጠየቃል። የስቶክሆልሟ እኅታችን የአስተሻሸግ መመሪያ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጋር ይላካል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኞቹን በጥቅል በጥቅል ያቀርባል።

አንድ ነገር ግን ሳንወስን አልፈናል፤ ጥቅል በመንገድ ቢጠፋና ካሣው ቢዘገይ ጉዳቱ በባለ ትእዛዙ ብቻ ይቅር ወይስ በጥቅሉ ውስጥ ባሉት ሁሉ ይከፋፈል የሚለው። በእኔ እምነት በጥቅሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደ ዋጋቸው መጠን ቢካፈሉት ይሻላል፤ በጋራ የተላከ ነገር ጉዳቱም የጋራ መሆን አለበት። ጉባኤው ከመድረሱ በፊት ከፍራንክፈርትና ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አንድ የሙከራ ትእዛዝ እንድናደርግ እጠይቃለሁ።

ገንዘብ ያዡ

በጉዳቱ አከፋፈል እስማማለሁ። ለሙከራው የእያንዳንዱ ጥቅል ዋጋ ከ120 ዩሮ ወይም ከዚያ አቻ ከሆነ ገንዘብ እንዳይበልጥ እጠይቃለሁ።

ከአዲስ አበባ

ለሙከራው የእኔን አራት ባለ 45 በሲልቨር ስፕሪንጉ ዝርዝር መዝግቡልኝ። ለገና ወደ አገር የሚገባ ዘመድ አለኝ፤ ፈቃዱን ጠይቄ፣ ሸክላዎቹን በእጅ ሻንጣ ለመያዝ ከተስማማ በዚህ ሳምንት አሳውቃችኋለሁ።