ፑል ላይ አመታቴ አልስተካከል አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ አካባቢ ከስራ በኋላ ፑል መጫወት ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። አንድ ቀን ሁሉም ይገባልኛል፤ በማግስቱ ቀጥ ያለውን ኳስ እንኳ እስታለሁ።

ነጯን ኳስ ቀጥታ ወደ ማዶው ጠርዝ መትቶ፣ ተመልሳ የስቲኩን (የመምቻውን ዘንግ) ጫፍ እንድትነካ የማድረጉን ልምምድ ሞከርኩት። ከ10 ጊዜ 7ቱን ወደ ቀኝ ታመልጠኛለች። ኳሷ ስፋቷ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ከመሃሏ ትንሽ ወደ ቀኝ ከመታኋት ትሽከረከርና አቅጣጫዋን ትስታለች፤ ችግሬ እሱ ይመስለኛል።

ጓደኛዬ በስልክ ሲቀርጸኝ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ልክ ልመታ ስል ክርኔ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጭንቅላቴም ቀና ይላል። ኳሷን ስነካ ከክርኔ በታች ያለው ክንዴ ወደ መሬት ቀጥ ማለት እንዳለበት አውቃለሁ፣ ግን እሱን ሳስብ እጄ ይደርቅና ስቲኩን አንቄ እይዘዋለሁ። ቁመቴም ረዘም ያለ ነው፣ እግሬን ምን ያህል እንደምከፍት ግራ ገብቶኛል።

ፑል ቤቱ ሁሌ ሰው ይበዛዋል፣ ወረፋ እየተጠበቀ ብቻዬን ልለማመድ ብል ደስ አይልም። መጀመሪያ የቱን ላስተካክል፣ አቋቋሜን ወይስ እጄን? ባዶ ጠርሙስ አጋድሞ የስቲኩን ጫፍ በአፉ ማስገባትና ማውጣት የሚባለውስ፣ ቤት ውስጥ ሞክሮት የተለወጠ ሰው አለ?